ፍራውከ የላከችው መድኃኒት

እናቴ ስሜን ስታነሳ የሰማሁት ሽንት ቤት ተቀምጬ ነው። ሐሜት ነው እንዳልል ምስጋና ነበር፤ ምስጋና ነው እንዳልል ደግሞ አንዲት እውነት የለበትም። የእኛ የሆላንድ ሽንት ቤት ለብቻው የተከለለች፣ ጉልበት በር የሚነካባት ጠባብ ክፍል ናት፤ የእናቴ ቤት በር ደግሞ ከስስ ጣውላ የተሠራ ስለሆነ ሳሎን ማንኪያ ቢወድቅ ይሰማል። "ፍራውከ ናት የምትልክልኝ" ትላለች ለጎረቤቷ ለወይዘሮ ዴይክማ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች እየመሰላት። "ከምትሠራበት ላቦራቶሪ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ከተሰማ ከሥራ ያስወጧታል። ግን ያቆመኝ እሱ ነው እንጂ የሆስፒታሉማ..." ወይዘሮ ዴይክማ የልደት ባንዲራዎቹን መስኮቱ ላይ እየሰቀሉ "አንቺስ ታድለሻል ትሬይን! የእኔዎቹ የራስ ምታት ክኒን እንኳን ልከውልኝ አያውቁም" አሉ።

ፍራውከ እኔ ነኝ። ለእናቴ መድኃኒት ልኬላት አላውቅም። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት ከሰላምታ በቀር የላኩላት ነገር አልነበረም፤ ሰላምታውንም የምልከው በእህቴ በሬይና በኩል ነው።

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። እንደማንኛችንም ቤት የልደት ካላንደሩ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ የዘመድ አዝማድ የልደት ቀን በእናቴ ቅጥልጥል ጽሕፈት ተጽፎበታል፤ የሞቱት ስማቸው አጠገብ ትንሽ መስቀል አለ። ሚያዝያ ላይ የራሷ ስም ነበር፣ የዛሬው ቀን። ከካላንደሩ በታች ባለችው መደርደሪያ ላይ የወረቀት ጥቅልል ተቆልሏል፣ ክሎሪን አለ፣ በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠች ለነርሷ የምትመዘግብበት ደብተር አለ። ደብተሩን ገለጥ አደረግኩ። ሰኞ አሥራ አንድ። ማክሰኞ ዘጠኝ። ረቡዕ አሥራ ሦስት። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን ደግሞ "ፍ 2" ይላል፤ በየቀኑ፣ ለሳምንታት፣ "ፍ 2"። ምን እንደሆነ ግራ ገባኝና እጄን ከጥቅልሉ ኋላ ሰደድኩ። ሰማያዊ ጠርሙስ አገኘሁ፤ ከጎኑ ሁለት ባዶ ጠርሙሶችና አንድ የሾርባ ማንኪያ። ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል፤ "ንጹሕ የብር ውኃ፣ በናኖ ቅንጣት፤ ሰውነትን ከጀርም ያጸዳል፤ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ" ይላል። ዋጋው ታች ተለጥፏል፣ ሃያ አራት ዩሮ ከዘጠና አምስት ሳንቲም። ብር ስል የቀለበቱን፣ የሹካውን ማዕድን ነው፤ ዓይን እስከማያየው ድረስ ደቅቆ ውኃ ውስጥ የተበተነ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 

ይሄ የእኔ እንጀራ ነው። እዚሁ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ፣ ምድር ቤት፣ አየር በማይገባበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ የሰው አንጀት ባክቴሪያዎችን አሳድጋለሁ፤ ጤነኛ ሰው ሆድ ውስጥ የሚኖሩትን ማለቴ ነው፤ ምግባችንን የሚያብላሉልንን፣ ክፉዎቹን ቦታ የሚነሷቸውን። ከዚያ በጓንት እጄን አስገብቼ የብር ቅንጣት እሰጣቸዋለሁ። ሽታ እንዲከላከል ተብሎ ካልሲ ላይ ተቀብቶ በእጥበት የሚረግፈውን፣ ከምግብ መጠቅለያም የሚለቀቀውን ዓይነት። በማግሥቱ ስንቶቹ እንደተረፉ እቆጥራለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆጥሬያለሁ። ቅንጣቷ ባክቴሪያው ቆዳ ላይ ትለጠፍና ትበሳዋለች፤ ደግ ነህ ክፉ ነህ ብላ አትጠይቅም። አንዳንዱ ይቋቋማል፣ አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ እስከመጨረሻው ይጠፋል፤ ገና ብዙ የማናውቀው አለ። ደግ ባክቴሪያ ባለቀበት አንጀቱ አዲስ ተተክሎለት እስኪይዝ እየጠበቀ ላለ ሰው ግን በሾርባ ማንኪያ ሁለት ሁለት እያደረገ እንዲጠጣው ጠላቱም አይመክረውም።

እናቴ ደግሞ እንዲያ ያለች ሰው ነበረች። ባለፈው መኸር ፊኛዋን አመማት፣ አንቲባዮቲክ ሰጧት፤ ተመለሰባት፣ ደግመው ሰጧት። መድኃኒቱ ደጎቹን ጠራርጎ ሲያበቃ አንድ ክፉ ባክቴሪያ ቤቱን ለብቻው ያዘው። ከዚያ ወዲህ ሰባ አንድ ኪሎ የነበረችው ሴትዮ አርባ ስድስት ገባች። የቀራት መፍትሔ አንድ ነበር፤ የጤነኛ ሰው ሰገራ አጥልለው፣ በቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ አሳልፈው ትንሹ አንጀቷ ውስጥ ማፍሰስ። እናቴ ስትሰማ እስኪያስላት ሳቀች። "በሰባ ሰባት ዓመቴ ይሄን ልብላ?" አለች። ሰጪው ማን እንደሆነ አይነገርም፤ እሷ ግን ለራሷ ፈጠረችው፤ ቀይ ጉንጭ ያለው፣ ብስክሌት የሚነዳ፣ አጃ ዳቦ የሚበላ ተማሪ። "ልጁ" ትለዋለች። ጥር ላይ ሰጧት፤ ሁለት ሳምንት እንደ ሰው ሆነች፣ የአተር ሾርባ በላች፣ ደረጃውን ወርዳ ወጣች። ከዚያ ተመለሰ። መጋቢት ላይ ደገሙላት። ዘጠኝ ቀን። "ልጁን አሳፈርኩት" አለችን ያኔ፣ እውነት ያፈረች ሆና።

ትናንት፣ አርብ፣ ሐኪሟ ሥራ ቦታዬ ደውላልኝ ነበር። ምርመራው አሁንም ክፉውን ባክቴሪያ አሳይቷል። "ሦስተኛ ለመስጠት ሁለቱ ለምን እንደከሸፉ ማወቅ አለብን" አለችኝ። "ምክንያት ካላገኘን ሰኞ ትልቁ አንጀት ይወጣል። በእሳቸው ዕድሜና በእሳቸው ልብ ቀላል ቀዶ ጥገና አይደለም። ከሁለት ሰው አንዱ አይነሳም። እርስዎ የሙያው ሰው ስለሆኑ ነው በግልጽ የምነግርዎ።" ከዚያ ጠየቀችኝ፣ እናትዎ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ? የለም አልኩ። እርግጠኛ ነዎት? እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ቤቷ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ የምሄድ፣ ለዚያውም ቀጠሮ ይዤ የምሄድ ሴትዮ፣ ምን ቆርጦኝ ነው እርግጠኛ የምሆነው?

ጠርሙሱን በሹራቤ ሥር ደብቄ ወጣሁ። እናቴ በወረቀት አበባ ያጌጠው የልደት ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀሚሷ የሷ ሳይሆን የሌላ ሰው ይመስል ነበር። "እጅሽን በሳሙና ታጠብሽ?" አለችኝ፤ ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በሩ ላይም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ታጥቤያለሁ አልኳትና ወጥ ቤት ገባሁ።

ሬይና ኬኩን እየቆረጠች ነበር። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ከእናቴ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብላ ነው የምትኖረው፤ አንሶላ የምታጥበው፣ ነርሷን የምትጠብቀው፣ ሌሊት ስልክ የምታነሳው እሷ ናት። ኬኩን ለስምንት ሰው ስምንት ቁራጭ አድርጋ በማስመሪያ የለካች ይመስል ትቆርጣለች። ጠርሙሱን ከቢላው አጠገብ አኖርኩት። አየችው፣ መቁረጧን ግን አላቆመችም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"የብር ውኃ ነዋ። ከአንቺ የበለጠ ማን ያውቀዋል?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጠጣው?"

"ከገና ጀምሮ። ምነው? ምን ሆንሽ?"

ከገና ጀምሮ። ከመጀመሪያው ቱቦ በፊት ጀምሮ ማለት ነው። ልጮህባት አፌን ከፈትኩና በሩ ስስ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ድምፄን አፍኜ ነው የተናገርኩት። አበድሽ እንዴ አልኳት፣ ማን ሐኪም አደረገሽ አልኳት፣ ሆስፒታሉ በአፍንጫዋ ሲያስገባ አንቺ በአፏ እየገደልሽ ነው የከረምሽው አልኳት።  ሬይና ቢላውን አስቀመጠች። ፊቷ ነጣ፤ ግን እንደገመትኩት አላለቀሰችም።

"አንቺው አይደለሽ እንዴ የነገርሽን?" አለች። "የቤሬንድ ሃምሳኛ ዓመት ላይ። ረሳሽው?"

አልረሳሁትም። ቤሬንድ ባሏ ነው፤ ሃምሳ ሲሞላው እንደ ደንቡ በጭድ የተሞላ የሽማግሌ አሻንጉሊት ግቢው ውስጥ አስቀምጠውለት፣ ሁላችንም ክብ ሠርተን ተቀምጠን፣ ሁልጊዜ ስለ ጋዝ ዋጋና ስለ መኪና ማቆሚያ የሚያወራው፣ ስለ እኔ ሥራ ጠይቆ የማያውቀው አጎቴ ሃርም ዞር ብሎ "አንቺስ ፍራውከ፣ እዚያ ምድር ቤት ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያ ጊዜው ነው የጠየቀኝ። ብርጭቆዬን ይዤ ተነሳሁ፤ ወይን ቀምሻለሁ፤ ብዙ ፊት ወደ እኔ ዞሯል። አንዲት ጠብታ የብር ቅንጣት፣ አልኩ፣ በማግሥቱ ሳህኑ ላይ አንድ ባክቴሪያ አልተረፈም! አጨበጨቡልኝ። እናቴ ጎረቤቷን በክርኗ ነካ አድርጋ "የእኔ ልጅ ናት" ስትል ሰማሁ። ቀጥዬ፣ ችግሩ እሱ ነው፣ ደጎቹንም አይምርም፣ ልል ነበር። ኬክ መጣ። ሁሉም ሳህን ይዘው ተነሱ። ግማሹን ተናግሬ ግማሹን ዋጥኩት፤ ጭብጨባው ጥሞኝ ስለነበር አልከፋኝም።

"ደጎቹንም ይገድላል" አልኳት አሁን።

"ያኔ ይህን አልነገርሽንም።"

"አልጠየቃችሁኝማ!"

"መቼ ልጠይቅሽ? ለመጠየቅ መጀመሪያ ሰው መገኘት አለበት።" ሬይና ክሬሙን ከጣቷ በፎጣ ጠረገች። "በየምሽቱ አስታውካ፣ ተቀምጣ፣ ተነስታ፣ ምን አድርጊ አልሽኝ? የጤና መደብሩ ሴትዮ ብር ባክቴሪያ ይገድላል ስትለኝ አንቺ ያልሽው ነዋ አልኩ። ገዛሁ።"

"ለምን እኔ ላኩት አልሽ ታዲያ?"

 ከሳሎን ደወል ተሰማ፣ እንግዶች ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ሬይና ሳህኖቹን እየደረደረች፣ ሳታየኝ መለሰችልኝ። "እምቢ አለችኛ። ከሱቅ የገዛሁት ነው ስላት የማላውቀውን አልጠጣም አለች። ደግሞ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። ፍራውከ ደወለች? ፍራውከ ምን አለች? ሥራ በዝቶባት ነው እላለሁ። እስከ መቼ ልበል? ፍራውከ ናት የላከችልሽ፣ በድብቅ ነው፣ ለራሷም እንዳታነሺባት አልኳት። በሞትኩት፣ ፊቷን ብታይው! ማንኪያ አምጪ አለችኝ።" ከዚያ ሳህኖቹን ይዛ ወጣች። እኔ ቧንቧውን ከፍቼ ጠርሙሱን ደፋሁት። ውኃ ነው የሚመስለው፤ ቀለምም ሽታም የለውም።

የሆስፒታሉ የቅዳሜ ተረኛ ስልክ ላይ ደወልኩ፤ ሐኪሟ መልሳ ትደውልልሻለች አሉኝ። እስክትደውል ክቡ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። እኛ ዘንድ የልደት ቀን ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ይደረደራሉ፣ የሚገባው ሰው ሁሉ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው እጅ እየጨበጠ ለሁሉም እንኳን አደረሳችሁ ይላል፤ ለባለልደቷ ብቻ አይደለም፣ ለልጆቿም ለአማቿም ለጎረቤቷም። "እንኳን ለእናትሽ ልደት አደረሰሽ" አለኝ ቤሬንድ። "እንኳን ለእህቴ አደረሰሽ" አለኝ አጎቴ ሃርም። ስድስት ጊዜ እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩ፤ ምላሴ ደረቀ። ከዚያ አንድ አንድ ቁራጭ ኬክ ታደለ፣ የአበባ ጎመን ዋጋ ሦስት ዩሮ ከሃምሳ መግባቱ ተነሳ፣ የአጎቴ ሃርም ጉልበት ተነሳ። እናቴ ኬኳን በሹካ ከወዲያ ወዲህ ታመላልሳለች። ሁለት ጊዜ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳች። ሽንት ቤቱን ስትዘጋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ማንም አላዘዘውም፣ የሚሰማው እንዳይሰማ ነው። አጎቴ ሃርም እንኳን፣ ወሬ የሌለው ሰውዬ፣ ስለ ብስክሌት ጎማ ይጮሃል። በሁለተኛው ጊዜ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ እኔን ፈለገ። ጠርሙሷን አጥታዋለች። ጭንቅላቴን ዝቅ ላደርግ ስል ጠቀሰችኝ። በአንድ ዓይኗ፣ እንደ ልጅ፣ ገብቶኛል፣ እንግዶቹ እንዳያዩት ደበቅሽው አይደል፣ የምትል ጥቅሻ። ሳህኔን ወንበሬ ሥር አስቀመጥኩት።

ስልኩ ሲጮህ ተመልሼ ሽንት ቤት ገባሁ፤ ሌላ የሚዘጋ በር የለም። ካላንደሩን እያየሁ ነገርኳት፤ ከገና ጀምሮ፣ በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ደብተሯ ላይ አለ።  "ብሩ ነው ብዬ መማል አልችልም" አለች ሐኪሟ። "ግን ፊት ለፊት እኛ ስንተክል ከኋላ እየተነቀለ ነበር ማለት ይሆናል። ይሄ ምክንያት ነው። ምክንያት ካለ ደግሞ ሦስተኛውን ልጠይቅላቸው እችላለሁ።"  እሰይ ልል ነው። "ነገር ግን ሰውነታቸው ከሱ እስኪጠራ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አለብን" አለች። "ሁለት ሳምንት ይችላሉ ወይ ነው ጥያቄው። ዛሬውኑ ያምጧቸው፣ ደማቸውን እንይ።" ልዘጋ ስል፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ "ትናንት ጠይቄዎት ነበር እኮ" አለችኝ። አዎ አልኩ። ጠይቀውኝ ነበር።

እናቴ እንግዳ ሳይሄድ ንቅንቅ አልልም አለች። እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጥን። የመጨረሻዋ ወይዘሮ ዴይክማ ነበሩ፤ ሲወጡ ጆሮዬ ስር ጠጋ ብለው "እግዜር ይስጥሽ፣ ለእናትሽ ያደረግሽውን ሰምቻለሁ፣ ምስጢር እጠብቃለሁ" አሉኝና ክንዴን ጨመቅ አደረጉኝ። ቤሬንድ መኪናውን ሊያመጣ ወረደ። እኔና ሬይና እናታችንን ወደ መኝታ ቤት አስገብተን ሻንጣ አወጣን። ክፍሉ ውስጥ ከአልጋው በቀር አንድ ወንበር ብቻ አለ፤ ወንበሩ ላይ ሬይና ያጠበቻቸው አንሶላዎች ተቆልለዋል። ሬይና በሩ አጠገብ ቆማ የሌሊት ልብሶቹን ታጥፋለች፣ ያጠፈችውን መልሳ ትዘረጋለች።

"ጠርሙሱን አስገባሽልኝ?" አለች እናቴ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ። "ሽንት ቤት ሄጄ አጣሁት። አንቺ መሆንሽን አውቄ ዝም አልኩ። አታውቅም ብለሽ ነበር አይደል? ሁሉንም አውቃለሁ፤ ሬይና ነግራኛለች።"

ሬይናን አየኋት። ነጠላ ጫማ አንድ እግር ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን በሕይወቴ አልረሳውም። አፌ ውስጥ ሁለት ቃል ተደቅኗል። እኔ አልላክሁትም ብል እውነት ነው፤ ግን በዚያ እውነት ስድስት ወር ሙሉ ሌሊት የነቃችው ልጇ መርዝ አብልታታለች፣ ያልመጣችው ልጇ ደግሞ ጭራሽ አላሰበቻትም። እናቴን ከዚህ ከሁለቱ አንዱ ይገድላታል ብዬ አሰብኩ፣ ከክፉው ባክቴሪያ በፊት።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። "እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትጠጪውም" አልኳት። "ተሳስቻለሁ። ክፉውን ይገድልልሻል ብዬ ነበር የላክሁት። ግን አይለይም፤ ደጎቹንም ይገድላል። የልጁን... የልጁን ስጦታ ያጠፋብሽ እሱ ሳይሆን አይቀርም።"

"አንቺ ነሽ የላክሽው?"

"እኔ ነኝ።"

ሬይና ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ትከሻዋ ብቻ እየተንቀጠቀጠ። እናቴ ዞር ብላ አየቻት። "አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? ካልሲዬን ስጪኝ እስቲ" አለቻት። ካልሲውን ተቀበለች፣ ማጥለቅ አቃታት፣ ተንበርክኬ አጠለቅሁላት። እግሯ ከሲታ የሕፃን ክንድ ያህል ነበር። ከታች የቤሬንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ እናቴ አልቸኮለችም።

"ሬይና በቀን አንድ ትንሽ ማንኪያ ይበቃል ብላኝ ነበር" አለች። "እኔ ነኝ በትልቁ ያደረግሁት። አንዷን ለበሽታው እጠጣለሁ። ሁለተኛዋን ግን ማታ ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል... ምን ልበልሽ፣ አንቺ መጥተሽ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥሽ ይመስለኝ ነበር። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።" ጫማዋን አሰርኩ። ቋጠሮው እምቢ አለኝ፣ ዓይኔ አያይም ነበር። "እሺ" አለች፣ ራሴን በመዳፏ ነካ አድርጋ። "ጠርሙሱ ከቀረ እንግዲህ ራስሽ ትመጪያለሽ።"

እጄ በልማድ ወደ ስልኬ ሄደ፣ ቀጠሮ ወደምመዘግብበት። አፍሬ መለስኩት። "በየቀኑ እመጣለሁ" አልኳት።

"በስንት ሰዓት?"

"በአሥር ሰዓት።"

"አሥር ሰዓት ጥሩ ነው" አለች። "አሥር ሰዓት ላይ ነቅቼ ነው የምገኘው።"

ተሸክመናት ነው ደረጃውን የወረድነው፤ እኔ በእግሯ በኩል፣ ሬይና በራሷ በኩል።

ቀዶ ጥገናው ቀረ። ሐኪሟ ቃሏን ጠብቃ ሦስተኛውን አስፈቀደች፤ ለአሥራ አምስተኛው ቀን ተቀጠረ፤ ልጁ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የበኩሉን ሰጥቶ ስጦታው በረዶ ውስጥ ተቀምጦላት ነበር። እኔ በየቀኑ በአሥር ሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምናወራው ጠፋን፤ ስለ ምሳዋ ጠየቅኋት፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ስለ ባክቴሪያዎቹ ሁሉንም ነገርኳት፣ ያን ቀን የዋጥኩትን ግማሽ ጭምር፤ ዓይኗን ጨፍና እየሰማች "ደጎቹ ያሳዝናሉ" አለች። በስምንተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። በዘጠነኛው ከሬይና ጋር እየተፈራረቅን አፏን በእርጥብ ጥጥ አራስንላት። ከሬይና ጋር ስለ ጠርሙሱ ያን ቀንም አላነሳንም፣ ዛሬም አናነሳም። በአሥራ አንደኛው ቀን በአሥር ሰዓት ገባሁ፤ ነቅታ አላገኘኋትም፤ ቢሆንም ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ፣ ነርሷ መጥታ፣ እኛ አገር ሰው ሲሞት እንደሚደረገው፣ መስኮቱን እስክትከፍት ድረስ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ብስክሌቴ ላይ ነበርኩ። ነፋስ እየተጋፋኝ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ሆስፒታሉ እስኪታየኝ ድረስ ከሄድኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።